ልብን የሰፉት ሐኪም

በአረካ ደረቱን በጩቤ የተወጋ ሰው ወደ ሶዶ ሆስፒታል እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ እንደ ቁስሉ ሁሉ የሚያሰጋ ነው። ልብን የሚሸፍነው ከረጢት በቀላሉ የማይለጠጥ ስለሆነ፥ ከቁስሉ የሚፈሰው ደም በውስጡ ሲጠራቀም ልብን ከውጭ ጨምቆ እንዳይሞላ ያግደዋል። ስለዚህ በሸሚዙ ላይ ጥቂት ደም ብቻ የታየበት ቁስለኛ ሊሞት ይችላል።

እንዲህ ያለው ቁስል በመርፌና በክር እንደሚድን በመጀመሪያ ያሳዩት የፍራንክፉርቱ ሐኪም ዶክቶር ሉድቪግ ሬን ስለሆኑ፥ ታሪካቸውን በአጭሩ እናቀርባለን።

ሬን በ1841 ዓ.ም. በጀርመን አገር በአለንዶርፍ ከሐኪም አባት ተወለዱ። በማርቡርግ ሕክምና ተምረው በፍራንክፉርት ሥራ ያዙ። በ1887 ዓ.ም. በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የታየው የፊኛ ነቀርሳ ከሥራቸው የመጣ መሆኑን ማስረዳታቸው ብቻ ስማቸውን ለማስጠራት በበቃ ነበር፤ እኛ ግን ወደ ልቡ ነገር እንለፍ።

በዚያ ዘመን ስመ ጥር የሆኑ የቀዶ ጥገና ሊቃውንት ሳይቀሩ ልብን መንካት ከሕክምና ወሰን ውጭ ነው ይሉ ነበር። ጥቂት ቀደም ብለው በኖርዌይና በኢጣልያ ሁለት ሐኪሞች ልብ ሰፍተው ነበር፤ ሁለቱም ቁስለኞች ግን ከቀናት በኋላ ሞቱ።

የአድዋ ድል በሆነበት በ1888 ዓ.ም.፥ ጳጉሜን 3 ቀን፥ አንድ የ22 ዓመት አትክልተኛ በፍራንክፉርት ደረቱን ተወጋ። ሬን ከከተማው ርቀው ስለነበሩ ያዩት በእኛ አገር የዘመን መለወጫ ዋዜማ በሆነው በጳጉሜን 5 ቀን ነው። ወጣቱ ገርጥቶ፥ ትንፋሹ አጥሮ፥ የደም ሥሩ ትርታ ደክሞ ነበር። ቢተውት የሚወቅሳቸው አልነበረም፤ ከፍተውት ቢሞት ግን ነቀፌታው በእሳቸው ላይ ይወርድ ነበር። ከፈቱት።

በጎድን አጥንቶቹ መካከል ገብተው ከረጢቱን ሲቀድዱ የታፈነው ደም ጎረፈ። በልብ ቀኝ የታችኛው ክፍል ላይ የ1.5 ሴንቲ ሜትር ቁስል አገኙ። በጣታቸው ሲጫኑት ደሙ ይቆማል፤ ልቡ ሲኮማተር ጣታቸው ይንሸራተታል። ልቡ በሚላላበት ቅጽበት ብቻ መርፌውን እያስገቡ በሐር ክር ሦስት ጊዜ ሰፉት። ሦስተኛው ስፌት ሲታሰር ደሙ ቆመ። በኋላ በደረቱ መግል ቢቋጥርም፥ ያም እንዲወጣ ተደርጎ ወጣቱ ዳነ።

ከ11 ዓመት በኋላ ሬን በየአገሩ የተሰፉ 124 ልቦችን ቆጥረው፥ 40 በመቶ ያህሉ ቁስለኞች መዳናቸውን ገለጹ። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም፤ መመርቀዝን የሚከላከሉት በንጽሕና ብቻ ነበር። ሬን ግንቦት 21 ቀን 1922 ዓ.ም. በፍራንክፉርት በ81 ዓመታቸው አረፉ።