ልጅ ኢያሱና ያ ፎቶግራፍ

ከመገናኛ ተነስቶ በኮተቤ አድርጎ ለገጣፎ የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ዝም ብሎ ወደፊት ከቀጠለ ሰንዳፋ ነው፣ ከዚያ አለልቱ፣ ከዚያ ሸኖ። ብዙዎቻችን ሸኖን የምናውቃት በቅቤዋ ነው። በዚያው አካባቢ ግን ሰገሌ የሚባል ሜዳ አለ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሰሜን የመጣው የወሎ ጦርና ከአዲስ አበባ የወጣው የሸዋ ጦር እዚያ ተገናኙ፤ በአንድ ቀን ውጊያ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ።

ምን አጋጫቸው ካላችሁ፣ ላይ ላዩን ሲታይ አንድ ወሬ ነው። ልጅ ኢያሱ ሰልሟል የሚል ወሬ።

ኢያሱ ያኔ ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ ነው። ዛሬ ቢሆን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካፌ ቁጭ ብለው ስልካቸውን ከሚነካኩት ልጆች መሃል ብናገኘው አይገርመንም ነበር። የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ነው። እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ፣ አባቱ የወሎው ራስ ሚካኤል። ራስ ሚካኤል ደግሞ ድሮ ስማቸው መሐመድ አሊ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ ክርስትና አነሷቸውና ሚካኤል ተባሉ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በ1901 ዓ.ም. ምኒልክ ሕመም ሲጸናባቸው ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አወጁ። አዋጁ ዝም ብሎ ተነቦ የተተወ አዋጅ አልነበረም። መኳንንቱ ማሉ፣ አቡነ ማቴዎስ ገዘቱ፤ ቃሉን ያፈረሰ ሰው ጥቁር ውሻ እንዲወልድ ሳይቀር ተረገመ። እኛ ዛሬ ፈገግ ልንል እንችላለን። ለዚያ ዘመን ሰው ግን ይሄ ነፍስን የሚያስይዝ ነገር ነው። ሞግዚት ሆነው የተሾሙት ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ሞቱ፤ ልጁም በአፍላ ዕድሜው አገር መግዛት ጀመረ። ምኒልክ ታኅሣሥ 1906 ሲያርፉ ሥልጣኑ ሙሉ በሙሉ የእሱ ሆነ። ዘውድ ግን አልጫነም።

አገዛዙ ዥንጉርጉር ነበር። ለከተማው ፖሊስ አቋቋመ፣ የመንግሥት ንብረት እንዲመረመር አደረገ። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበትን የቁራኛ ሥርዓትና ሌባሻይን ለመለወጥም ሞከረ።

ሌባሻይ ምን እንደነበር ለማታውቁ፦ ንብረት ሲጠፋ ለአንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ይጠጣለታል፤ ልጁ ናላው ዞሮ እየተንገዳገደ ይወጣና መንደሩን ያስሳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። አለቀ። ማስረጃ የለ፣ ክርክር የለ። ታዲያ ሰው ይህን ያህል ዘመን እንዴት አመነበት ስትሉ፣ መልሱ ልጁ ባልገባባቸው ቤቶች ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ልጁ አልፏቸው የሄደ ቤቶች ሁሉ በዚያች ቅጽበት ንጹሕ ይሆናሉ። የጎረቤቱን ድንበር የገፋውም፣ በሚዛን የሚያጭበረብረውም፣ አደራ የበላውም፣ ሁሉም ከተከሳሹ ደጅ ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ ያዝናል። ሌባው በእርግጥ ሌባ መሆኑን መመርመር የሚፈልግ ማነው? ከመረመረ የሁሉም እፎይታ ነው የሚበላሸው።

የልጅ ኢያሱም ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ቤተ መንግሥት መቀመጥ አይወድም ነበር። ሐረርጌን፣ ኦጋዴንን፣ የአፋርን በረሃ ይዞራል። ከሙስሊም ባላባቶች ቤት ሚስት ያገባል፣ ከእነሱ ጋር ይበላል፣ የአገራቸውን ልብስ ይለብሳል። መስጊድ አሠራ። ቤተ ክርስቲያንም አሠራ፤ የቀጨኔዋን መድኃኔዓለም ያሠራት እሱ ነው፣ ለደብረ ሊባኖስም ስጦታ ሰጥቷል። የአያቱን አሮጌ ሹማምንት ግን አይሰማቸውም፣ አባቱን ንጉሥ ብሎ የወሎንና የትግራይን ግዛት ሰጣቸው። ሸዋ ቅር አለው። በዚያ ላይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን አዘነበለ፣ ለሶማሊው ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን መሣሪያ ይሰጣል ተባለ። ዙሪያችንን ቅኝ ግዛት የነበራቸው የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች እንቅልፍ አጡ።

ፎቶግራፉ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ኢያሱ ጥምጥም አስሮ የሚታይባቸው ምስሎች አዲስ አበባ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ከፊሎቹ በጉዞው ላይ የእውነት የለበሰውን ልብስ የሚያሳዩ ናቸው፤ ከፊሎቹ ደግሞ ሆን ተብለው የተቀነባበሩ መሆናቸው ሲነገር ኖሯል። ፎቶሾፕ ከመፈጠሩ ብዙ ዘመን በፊት ማለት ነው። በፎቶው ላይ ክሱ ተደራረበ፦ እስላም ያረደውን በልቷል፣ መስጊድ ገብቶ ሰግዷል፣ የዘር ሐረጉን ከነቢዩ መሐመድ ጋር አያይዟል፣ ጨረቃ ያለበት ሰንደቅ ዓላማ ለቱርክ ቆንስል ልኳል።

መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ እሱ ሐረርጌ እያለ ክሱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተነበበ። አቡነ ማቴዎስ መጀመሪያ ማመንታታቸው ይነገራል። በኋላ ግን መኳንንቱን ከምኒልክ መሐላ ፈቷቸው። ወይዘሮ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥት፣ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ።

አሁን ወደ መሐመድ አሊ እንመለስ። የኢያሱ አባት ከእስልምና የመጡ መሆናቸውን በ1901 ማሃላ የፈጸመው መኳንንት በሙሉ ያውቅ ነበር። የወሎ ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ ያውቃል። ራሳቸው ምኒልክ ከጅማው አባ ጅፋር ጋር ተስማምተው መኖራቸውንም ያውቃል። ያኔ ማንም ምንም አላለም። በስምንት ዓመት ውስጥ ወሎ አልተቀየረ፣ የአባትየው ታሪክ አልተቀየረ። የተቀየረው የመኳንንቱ ፍላጎት ነው።

እስቲ በእነሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። እውነቱን ቢናገሩ ምን ሊሉ ነው? ሥልጣናችንን ነካብን፣ የወሎ ቤት ከሸዋ ሊበልጥብን ነው፣ ፈረንጆቹም ገፋፉን። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን እንዲህ ብሎ መሐላ ያፈረሰ ሰው ያው መሐላ አፍራሽ ነው፣ እርግማኑም በራሱ ላይ ነው። ኢያሱ ሃይማኖቱን ክዷል ከተባለ ግን ነገሩ በአንዴ ይገለበጣል። መጀመሪያ ያፈረሰው እሱ ነው! እኛ ከዳተኞች መሆናችን ይቀርና የሃይማኖት ጠባቂዎች እንሆናለን። ወሬው ሥልጣንም ሰጣቸው፣ ጽድቅም ሰጣቸው። ለእኔ እንደሚመስለኝ ብዙዎቹ አልዋሹም፤ የምር አመኑት። ይህን ያህል የሚጠቅምህን ነገር ለማመን ብዙ ማስረጃ አያስፈልግህም። የቀጨኔዋ ቤተ ክርስቲያን እዚያው ዓይናቸው ሥር ቆማ ነበር፤ ማንም እሷን ቆጥሮ አልተከራከረም።

ከዚህ ሁሉ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1904 ዓ.ም. ገደማ ኢያሱ ወደ ጊሚራ፣ ማለትም ዛሬ ቤንች ወደምንለው አካባቢ ዘመተ። ሺዎች ተማርከው በባርነት ተነዱ፤ ብዙዎቹ መንገድ ላይ አለቁ። በዚያ ወጣት እጅ ላይ የነበረ እውነተኛ ደም ካለ ይሄ ነው። መስከረም 17 ዙፋን ያሳጣው ግን ከማን ጋር በላ፣ ምን ለበሰ የሚለው ነው። ለምን? ባሪያ የሌለው የመኳንንት ቤት ስንት ነበርና! በጊሚራ ቢከሱት ልጁ እየተንገዳገደ የሚገባው በየቤታቸው ነበር።

ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። አስቀድሞ ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑልሰገድን ድል አድርገው ገድለዋል፤ ዋናውን ውጊያ ግን በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና በራስ ተፈሪ ጦር ተሸነፉ። በሰንሰለት ታስረው፣ በትከሻቸው ድንጋይ ተሸክመው በጃን ሜዳ በሕዝብ ፊት ተነዱ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይተው በእስር ሞቱ። ክርስትና በተነሱ በአርባ ዓመታቸው ማለት ነው፣ እንደ ክርስቲያን ኖረው፣ ቤተ ክርስቲያን ተክለው።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ደግሞ ሌላ ኢያሱ አለን። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የምታገኙት ኢያሱ ከዘመኑ የቀደመ፣ የእኩልነት ታጋይ፣ እንከን የሌለበት ሰማዕት ነው። ሙስሊሙን ዜጋ እንደ ዜጋ ለማየት መሞከሩ እውነት ነው፣ ክብርም ይገባዋል። ነገር ግን ይሄኛው ታሪክ ሲነገር ጊሚራ ሁልጊዜ የሚዘለለው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ንጹሕ ኢያሱ ለእኛም ይመቸናል፤ ቅድመ አያቶቻችን ጠባብ ነበሩ፣ እኛ ግን ገብቶናል ለማለት ያስችላል። ሼር ያደረገ ሁሉ ትንሽ ጽድቅ ያገኛል።

ኢያሱ ሰገሌ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ወደ አፋር ሸሸ፣ መቅደላ ገባ፣ አምልጦ ትግራይ ደረሰ። በ1913 በደጃዝማች ጉግሳ አርአያ እጅ ተያዘና ለራስ ካሳ ተሰጥቶ ፍቼ ላይ በቁም እስር ተቀመጠ። በ1924 በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እርዳታ አመለጠ፤ ጥቂት ቀን እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ተያዘ። ከዚያ ወደ ሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ ወሰዱት። ኅዳር 1928፣ ጣሊያን በሰሜንና በደቡብ ድንበሩን ጥሶ እየገፋ ሳለ፣ እዚያው ሞተ። አሟሟቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ዕድሜው አርባ ገደማ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ወደ አስራ አምስት የሚጠጋው በእስር ያለፈ ነው።