ጆን ጋራንግ፡ የጁባ ፖለቲከኞች በኢኮኖሚው ቀውስ ሲካሰሱ ሁሉም በምስክርነት የሚጠሯቸው መሪ

የደቡብ ሱዳን የወረቀት ገንዘብ የአንድ ሰው ምስል ይታይበታል። አገሪቱ ነጻነቷን ባወጀች በቀናት ውስጥ፣ በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 2011፣ አዲሱ ፓውንድ ሥራ ላይ ሲውል በላዩ እንዲታተም የተመረጠው የዶክተር ጆን ጋራንግ ደ ማቢዮር ፊት ነበር። ያኔ በይፋዊው ተመን አንድ የአሜሪካ ዶላር ከሦስት ፓውንድ ባነሰ ይመነዘር ነበር። ዛሬ አንድ ዶላር ለመግዛት በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ያስፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኞችና ወታደሮች ደመወዝ ሳያገኙ ወራት ያልፋሉ።

ጋራንግ ይህንን አላዩም። ገንዘቡ ከመታተሙ ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ በሄሊኮፕተር አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። ይሁን እንጂ በጁባ ስለ ኢኮኖሚው ውድቀት ክርክር በተነሳ ቁጥር ስማቸው ሳይጠራ አይቀርም። የፕሬዝዳንት ሳልቫ ኪር ወገን የጋራንግን አደራ ተቀብሎ አገሪቱን ለነጻነት ያበቃው እርሱ እንደሆነ፣ ሀብቷን ያባከኑት ግን ከድተው የወጡት ባለሥልጣናት እንደሆኑ ይናገራል። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ጋራንግ ያቀዱትን ትተው የነዳጁን ገቢ ለጥቂት ሰዎች አሳልፈው የሰጡት ኪር ናቸው ሲሉ ይከስሳሉ።

በኢኮኖሚ ትምህርት እስከ ዶክትሬት የዘለቁት የዚህ ሰው የሕይወት ታሪክ ግን ለየትኛውም ወገን የሚያመች ምስክር አይደለም።

ከዋንጉሌይ እስከ አዮዋ

ጋራንግ የተወለዱት በ1945 በቦር አካባቢ በምትገኘው የዋንጉሌይ መንደር ከዲንካ ቤተሰብ ነው። ገና በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን በሞት በማጣታቸው በዘመድ ድጋፍ በዋውና በሩምቤክ ተማሩ። በ1962፣ በ17 ዓመታቸው፣ በደቡቡ የተቀጣጠለውን የመጀመሪያውን የእርስ በርስ ጦርነት ለመቀላቀል ወጡ። የአማጺያኑ መሪዎች ግን ልጁ ከጠመንጃ ይልቅ ትምህርት እንዲይዝ መከሯቸው።

ሁለተኛ ደረጃን በታንዛኒያ ጨርሰው የነጻ ትምህርት ዕድል በማግኘት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1969 በአዮዋ ግዛት ከሚገኘው ግሪኔል ኮሌጅ በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ትምህርታቸውን እንዲቀጥሉ ዕድል ቢሰጣቸውም ወደ ዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ መመለስንና የምሥራቅ አፍሪካን የግብርና ኢኮኖሚ ማጥናትን መረጡ። በዚያን ጊዜ የጁሊየስ ኔሬሬዋ ታንዛኒያ የአፍሪካ ወጣት አብዮተኞች መናኸሪያ ነበረች። በኋላ የኡጋንዳ ፕሬዝዳንት የሆኑት ዮዌሪ ሙሴቬኒ በሚንቀሳቀሱበት የተማሪዎች ማኅበርም አባል ሆኑ።

ከዚያም ወደ ጫካ ገብተው የአንያንያ አማጺ ቡድንን ቢቀላቀሉም ጦርነቱ ብዙ ሳይቆይ በ1972 በአዲስ አበባ ስምምነት ተቋጨ። ጋራንግም እንደ ብዙ ጓዶቻቸው የሱዳን ጦር መኮንን ሆኑ። ወደ አሜሪካ ተመልሰው በፎርት ቤኒንግ ወታደራዊ ትምህርት ተከታተሉ፤ ቆይተውም በ1981 ከአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በግብርና ኢኮኖሚክስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ።

ቦዩና ነዳጁ

የዶክትሬት ጥናታቸው ያተኮረው በጆንግሌይ ቦይ አካባቢ ባለው የገጠር ልማት ላይ ነበር። ቦዩ የነጭ ዓባይን ውሃ በሱድ ረግረግ ውስጥ ከመትነን አድኖ ወደ ሰሜን ሱዳንና ወደ ግብፅ ለማሳለፍ የታቀደ ሲሆን ርዝመቱ 360 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ቁፋሮው የተጀመረው በ1978 ነው። ዕቅዱ ይፋ በሆነበት ወቅት፣ በ1974፣ በጁባ ተቃውሞ ተቀስቅሶ ሰዎች ሞተዋል። ቦዩ በመሬቱ ላይ የሚያልፍበት አርሶ አደርና ከብት አርቢ ከዚህ ሁሉ ምን ያገኛል የሚለው ጥያቄ በደቡቡ ትልቅ የፖለቲካ ጉዳይ ነበር።

ቁፋሮው በተጀመረበት ዓመት የአሜሪካው ሼቭሮን ኩባንያ በቤንቲዩ አቅራቢያ ነዳጅ አገኘ። የፕሬዝዳንት ጃፋር ኒሜሪ መንግሥት የደቡቡን ወሰን እንደገና ለማካለል መሞከሩ፣ የማጣሪያውም ቦታ ከነዳጁ ምንጭ ይልቅ በሰሜን እንዲሆን መወሰኑ፣ ውሃውም ዘይቱም ወደ ሰሜን ሊወሰድ ነው የሚለውን ስሜት አጠናከረ። ሁለተኛው ጦርነት ከመጀመሪያው አንስቶ የሃይማኖትና የማንነት ብቻ ሳይሆን የሀብት ክፍፍል ጦርነትም ነበር።

በግንቦት 1983 በቦር የሰፈረው ጦር ሲያምጽ በዚያው የነበሩት ኮሎኔል ጋራንግ ከአማጺያኑ ጋር ድንበር ተሻግረው ኢትዮጵያ ገቡ። የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ንቅናቄ፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኤስፒኤልኤም፣ የተመሠረተው ያኔ ነው። ካርቱም ለኤርትራና ለትግራይ ታጣቂዎች መጠጊያ ትሰጥ ስለነበር የደርግ መንግሥት ለጋራንግ መሣሪያ፣ ማሠልጠኛና የሬዲዮ ጣቢያ ፈቀደ። የጋምቤላዋ ኢታንግ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ስደተኞች መጠለያ ሆነች።

በ1984 የጋራንግ ተዋጊዎች የቦዩን ቁፋሮ ሥፍራ በማጥቃታቸው ሥራው ቆመ። ስለ አካባቢው ልማት የዶክትሬት ጥናት ያዘጋጁት ሰው የሚመሩት ጦር፣ ከመንገዱ ከግማሽ በላይ የተቆፈረውን ቦይ በዚያው አስቀረው። ግዙፉ የመቆፈሪያ ማሽን ዝጎ ለዓመታት በሜዳው ላይ ቀርቷል።

በጀት የሌለው ሠራዊት

ጋራንግ ከብዙዎቹ የደቡብ ፖለቲከኞች የሚለዩት መገንጠልን ሳይሆን የሁሉም የሆነች አዲስ ሱዳንን በመስበካቸው ነበር። በንቅናቄው ውስጥ ግን ሥልጣኑ በእጃቸው የተሰበሰበ ነበር። ኬሩቢኖ ኩዋኒን ቦልን የመሳሰሉ የንቅናቄው መሥራቾች ለዓመታት ታስረዋል። የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ የተጠራው ንቅናቄው ከተመሠረተ ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ነው።

በግንቦት 1991 ደርግ ሲወድቅ ንቅናቄው ትልቁን ደጋፊውን አጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሪክ ማቻርና ላም አኮል ጋራንግን በአምባገነንነት ከስሰው ተገነጠሉ። ለማቻር ወግነው የዘመቱ ታጣቂዎች በቦር የፈጸሙት የሰላማዊ ሰዎች ጭፍጨፋ በዲንካና በኑዌር መካከል እስከ ዛሬ ያልሻረ ቁስል ትቷል። ማቻር ለዚህ ድርጊት በ2011 ይቅርታ ጠይቀዋል።

በእነዚያ ዓመታት የጋራንግ ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። የሚበላው ከመንደሩ ከሚሰበሰብ እህልና ለተቸገሩ ከሚላክ እርዳታ ከሚደርሰው ድርሻ ነበር። አንድ አዛዥ በያዘው አካባቢ ያለውን ሀብት ሲጠቀም ሒሳብ የሚጠይቀው አካል አልነበረም። የጫካው ልማድ ከጫካው ጋር ቢቀር ኖሮ የታሪክ ማስታወሻ ብቻ በሆነ ነበር፤ ሆኖም አዛዦቹ ወደ ከተማ ሲገቡ ይዘውት ገቡ።

የናይቫሻ ስምምነትና ሦስቱ ሳምንታት

ከ1999 ጀምሮ የደቡቡ ነዳጅ በቧንቧ ወደ ፖርት ሱዳን መፍሰስ ጀመረ። ጋራንግ ከሱዳኑ ምክትል ፕሬዝዳንት አሊ ኦስማን ጣሃ ጋር በኬንያዋ ናይቫሻ ለወራት ሲደራደሩ የሀብት ክፍፍሉ ዋነኛ ጉዳይ ነበር። በጥር 2004 በተፈረመው ሰነድ መሠረት ለነዳጅ አምራች ግዛቶች ሁለት በመቶ ከተቀነሰ በኋላ ከደቡቡ ነዳጅ የሚገኘው የተጣራ ገቢ በካርቱምና በደቡቡ መንግሥት መካከል እኩል እንዲካፈል ተወሰነ። አጠቃላዩ የሰላም ስምምነት በጥር 2005 በናይሮቢ ተፈረመ።

የኢኮኖሚ ባለሙያው ጋራንግ ነዳጅ አላቂ መሆኑን አልዘነጉም። ገቢው እርሻን እንዲያንቀሳቅስ፣ ገጠሩን ወደ ከተማ ከማፍለስ ይልቅም የከተማው አገልግሎት ወደ ገጠሩ እንዲሄድ የሚል አቋም ነበራቸው። ዛሬ ሁሉም ወገን የሚጠቅሰው ይህንን ዕቅዳቸውን ነው።

ብዙ የማይወሳው ሌላው ገጽ በኅዳር 2004 መጨረሻ በሩምቤክ የተካሄደው የአመራሩ ስብሰባ ነው። ኪር ከሥልጣን ሊነሱ ነው የሚል ወሬ ንቅናቄውን ለሁለት ሊከፍለው ደርሶ ነበር። በስብሰባው ላይ ኪርና ሌሎች አዛዦች ጋራንግን ፊት ለፊት ተችተዋቸዋል። ቅሬታቸው ንቅናቄው በተቋማት ሳይሆን በአንድ ሰው እንደሚመራ፣ ተጠያቂነትም እንደሌለ የሚገልጽ ነበር። ልዩነቱ በእርቅ ቢሸፈንም መፍትሔ አላገኘም።

ጋራንግ ሐምሌ 9/2005 በካርቱም የሱዳን ቀዳማዊ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሐምሌ 30 ከፕሬዝዳንት ሙሴቬኒ ጋር ተገናኝተው ሲመለሱ የተሳፈሩበት የኡጋንዳ ፕሬዝዳንት ሄሊኮፕተር ተከስክሶ አብረዋቸው ከነበሩት ጋር ሞቱ። በካርቱምና በጁባ በተነሳው ሁከት በርካታ ሰዎች ተገደሉ። አስከሬናቸው በጁባ አረፈ፤ ሥልጣኑም ለሳልቫ ኪር ተላለፈ።

ጥፋተኛው ማን ነው?

ካለ በጀት የኖረ ንቅናቄ በአንድ ጊዜ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አስተዳዳሪ ሆነ። ኪር በ2006 በጁባ በተፈረመ ስምምነት የተቀናቃኝ ታጣቂዎችን ወደ ሠራዊቱ አስገቡ። ውሳኔው ለነጻነት የሚያበቃ ሰላም ቢያስገኝም የጦሩ የደመወዝ ወጪ በጀቱን ዋጠው። በ2008 ማሽላ እንዲያቀርቡና መጋዘን እንዲሠሩ ውል የተሰጣቸው ኩባንያዎች ገንዘብ ተከፍሏቸው ብዙው እህል ሳይመጣ ቀረ። በግንቦት 2012 ኪር ለ75 የቀድሞና በሥራ ላይ ያሉ ባለሥልጣናት በጻፉት ደብዳቤ የጠፋውን አራት ቢሊዮን ዶላር እንዲመልሱ ጠየቁ።

በዚያው ዓመት ጥር የጁባ መንግሥት ካርቱም ነዳጄን ትዘርፋለች፣ የማይገባ የማስተላለፊያ ክፍያም ትጠይቃለች በማለት ምርቱን ሙሉ በሙሉ አቁሞ ነበር። ከመንግሥት ገቢ 98 በመቶ የሚሆነው ከነዳጅ ነበር። ዛሬ ስለዚያ ውሳኔ እርስ በርስ የሚካሰሱት ሰዎች ያኔ በአንድ መንግሥት ውስጥ ነበሩ። ኪር ፕሬዝዳንት፣ ማቻር ምክትላቸው፣ ፓጋን አሙም ደግሞ ዋና ተደራዳሪ ነበሩ። ውሳኔው በጁባ ጎዳናዎች በደስታ ተደግፏል። ምርቱ የቀጠለው በአዲስ አበባ ከተደረሰ ስምምነት በኋላ፣ በ2013፣ ነው።

በሐምሌ 2013 ኪር ማቻርንና መላውን ካቢኔ አሰናበቱ። በታህሳስ መጀመሪያ ማቻር፣ ፓጋን አሙምና የጋራንግ ባለቤት ሬቤካ ኛንዴንግ በጋራ በሰጡት መግለጫ ኪር የጋራንግን ፓርቲ ከመንገዱ አስወጥተዋል ሲሉ ከሰሱ። በቀናት ልዩነት በጁባ ተኩስ ተከፈተ። ኪር መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ አሉ፤ ማቻር አስተባበሉ። ጦርነቱ የነዳጅ ጉድጓዶቹን አዘጋ፤ የዓለም የነዳጅ ዋጋም ወደቀ። በታህሳስ 2015 የፓውንድ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአንድ ጊዜ ከሦስት ወደ 18 ፓውንድ ገደማ ዘለለ። በ2016 ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ800 በመቶ አለፈ።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ጥፋተኛ ይዞ ቀረ። ለመንግሥት ደጋፊዎች ጥፋቱ የካርቱም፣ የማቻር አመጽና የውጭ ማዕቀብ ነው። ለተቃዋሚዎች ደግሞ የኪርና በዙሪያቸው ያሉ ነጋዴዎች ነው። በ2024 መጀመሪያ በሱዳን ጦርነት ምክንያት ዋናው ቧንቧ መሰበሩ አብዛኛውን የነዳጅ ሽያጭ ሲያቋርጥ የመጀመሪያው ወገን ማስረጃ አገኘሁ አለ። ሁለተኛው ወገን ግን አገሪቱ ከነጻነት ከ12 ዓመት በኋላም በአንድ ቧንቧ ላይ ለምን ተንጠለጠለች ሲል ጠየቀ።

ሙት ወቃሽ ያጣ ጥያቄ

በክርክሩ ውስጥ ሙት ወቃሽ ለመሆን የሚደፍር እምብዛም የለም። ጋራንግ በደቡብ ሱዳን የነጻነት አባት ናቸው፤ በሁለት አሥርተ ዓመታት ጦርነት ልጆቹን ያጣ ሕዝብ ስማቸውን በክብር ይጠራል። ከቅርብ ሰዎቻቸው አንዳንዶቹ ታስረዋል፣ ሌሎችም ተሰድደዋል። ባለቤታቸው ከ2020 ጀምሮ ከአገሪቱ ምክትል ፕሬዝዳንቶች አንዷ ሆነው በዚያው በሚተቹት መንግሥት ውስጥ ተቀምጠዋል።

ጋራንግ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ሁኔታው የተለየ ይሆን ነበር የሚለው እምነት ጠንካራ ነው። ሆኖም የነዳጅ ገቢ ለእርሻ ይዋል ያሉት መሪ እና ወጪን የሚቆጣጠር ተቋም ሳይተክሉ ያለፉት መሪ አንድ ሰው ናቸው። በሩምቤክ ስለ ተጠያቂነት የተከራከሩት ኪርም ሥልጣኑን ከያዙ በኋላ ተመሳሳይ ወቀሳ ቀርቦባቸዋል። ማቻር በ1991 ያነሱት የአምባገነንነት ክስ ደግሞ በዚያው ዓመት በቦር በፈሰሰው ደም ተሸፍኖ ቀርቷል።

ማቻር ከመጋቢት 2025 ጀምሮ በቁም እስር ላይ ውለው በመስከረም በአገር ክህደትና በግድያ ክስ ተመሥርቶባቸዋል። እርሳቸውም ኪርም የፈረሙት የ2018ቱ የሰላም ስምምነት አንድ ምዕራፉን ሙሉ በሙሉ ለኢኮኖሚ ጉዳይ ሰጥቷል። ከነዳጅ የሚገኘው ገቢ በግልጽ እንዲመዘገብና ወጪው በነጻ ኦዲተር እንዲመረመር ያዛል። ሁሉም ወገን የጋራንግን ስም እየጠራ በሚካሰስባት ጁባ፣ ሁሉም የፈረሙት ይህ ምዕራፍ አብዛኛው ክፍሉ እስካሁን አልተፈጸመም።