አባ ጳኩሚስና ያሳደጋቸው አበ ምኔቶች

በየዓመቱ ግንቦት 14 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ የአባ ጳኩሚስን ስም እንሰማለን። መነኮሳትን በአንድ ቅጽር ሰብስቦ በአንድ ማእድ ያስቀመጠ፥ በዚህም አባ ማኅበር የተባለ አባት መሆኑን ካህኑም ምእመኑም ያውቃል። ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚቀረው፥ ይህ አባት ከእርሱ በኋላ ማኅበሩን የሚመሩትን ሰዎች እንዴት አድርጎ ያሳድግ እንደ ነበረ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ዓመታቱን የጻፍናቸው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጳኩሚስ በ292 ዓ.ም. ገደማ በላይኛው ግብፅ ጣዖት ከሚያመልኩ ወላጆች ተወለደ። ዕድሜው 20 ዓመት ያህል ሲሆን፥ በ312 ዓ.ም. አካባቢ፥ ለጦርነት በግድ ተመልምሎ ከብዙ ወጣቶች ጋር በዓባይ ላይ በመርከብ ተወሰደ፤ ቴብስ ወደምትባለው ከተማ በደረሱ ጊዜም እንዳያመልጡ በወህኒ ተዘጋባቸው። በመሸም ጊዜ የከተማይቱ ክርስቲያኖች ለእነዚያ ለማያውቋቸው እስረኞች ምግብ ይዘው መጡ። ጳኩሚስ ነገሩ እንግዳ ሆኖበት እነማን እንደ ሆኑ ጠየቀ፤ ክርስቲያኖች መሆናቸውንና ስለ አምላካቸው ብለው ለሰው ሁሉ በጎ እንደሚያደርጉ በሰማ ጊዜ፥ ከዚህ መከራ ቢወጣ ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ሊያገለግል ለእግዚአብሔር ተሳለ። ጦርነቱ አልቆ ሲለቀቅ ሰነሴት በምትባል መንደር ተጠመቀ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ባሕታዊውን አባ ጰላሞንን መምህር አድርጎ 7 ዓመት ያህል በረድእነት ኖረ። ኋላ የብዙ መነኮሳት አባት የሆነው ሰው አስቀድሞ የአንድ ሽማግሌ ታዛዥ ነበረ።

በ320 ዓ.ም. ገደማ ታቤኒሲ በምትባል ሰው በተዋት መንደር ተቀመጠ። የመጀመሪያው ማኅበር ግን አልሰመረለትም፤ እኛም በዚህ ላይ ጥቂት ልንቆይ እንወዳለን፥ የታሪኩ አንባቢዎች ፈጥነው የሚያልፉት ስፍራ ነውና። ከአካባቢው መንደሮች ሰዎች ወደ እርሱ መጡ። እርሱም ስእለቱን አስቦ አገልጋያቸው ሆነ፤ ምግባቸውን ያዘጋጃል፥ አትክልቱን ይንከባከባል፥ እንግዳውን ይቀበላል፥ ድውዩን ያስታምማል። እነርሱ ከሠሩበት ዋጋ ለምግብ የሚሆነውን ለእርሱ እየሰጡ የቀረውን በየግላቸው ይይዙ ነበር። ይህን ትሕትናውን ባዩ ጊዜ ናቁት። የሚፈልጉትን እንደ ባሪያ ያዙት ጀመር። በመከር ወራት ምግባቸውን በአህያ ጭኖ ወደ እርሻው ቢወስድላቸው፥ በልተው ከጠገቡ በኋላ በአህያው ተቀምጠውበት ዕቃውን እርሱ እንዲሸከም እየሳቁ አዘዙት።

ጳኩሚስ ይህን 4 ወይም 5 ዓመት ያህል ታገሠ። በመጨረሻ ሌሊቱን ሁሉ ሲጸልይ አድሮ ሥርዓት አወጣላቸው፤ ለጸሎት በተጠሩ ጊዜ እንዲመጡ፥ በአንድነት እንዲበሉ፥ ለሥራም አብረው እንዲወጡ አዘዘ። አንቀበልም ባሉ ጊዜ ከገዳሙ አስወጣቸው። ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ ነበር ብለን አናምንም። ማገልገሉ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ሌላው ሰው የሚያገለግልበትን ስፍራ አልተወም ነበር። ሁሉን ራሱ የሚሠራ አለቃ፥ በቅንነት ቢያደርገውም፥ በዙሪያው ያሉትን ሕፃናት አድርጎ ያስቀራቸዋል። ይህንን በየአጥቢያው እናየዋለን፤ ቁልፉንም መዝገቡንም የሙዳየ ምጽዋቱንም ሂሳብ ለብቻው የያዘ አስተዳዳሪ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲመሰገን ይኖርና፥ ባረፈ በማግሥቱ የቱ ነገር የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ጳኩሚስ በሌላ መንገድ ተቀበላቸው። የግዕዙ ሥርዓተ ጳኩሚስ መልአከ እግዚአብሔር ሥርዓቱን በሰሌዳ ላይ ተጽፎ እንደ ሰጠው ይናገራል፤ በትእዛዙም እያንዳንዱ መነኩሴ እንደ ኃይሉ እንዲበላ፥ እንደ ኃይሉም እንዲሠራ ይላል። የአቡነ አረጋዊ ገድል የአባታችንን ምንኵስና ወደ ጳኩሚስ ስለሚመልሰው፥ ይህ ሥርዓት በሀገራችን ገዳማት ዘንድ እንግዳ አይደለም። ማኅበሩም በየቤቱ ተከፈለ፤ አንድ ዓይነት የእጅ ሥራ ያላቸው በአንድ ቤት ሆኑ፤ ለእያንዳንዱ ቤት አለቃና ምክትል ተሾመለት፥ ለገዳሙም እንዲሁ። ስለዚህ ከአጠገቡ አገልግሎቱን የሚማር ሰው የሌለው ሹም አልነበረም። የገዳሙ አለቃ ቅዳሜ አንድ ጊዜ፥ እሑድ ሁለት ጊዜ ያስተምራል፤ በጾም ቀኖች፥ በረቡዕና በዓርብ፥ የሚያስተምሩት ግን የየቤቱ አለቆች ነበሩ። ማንበብ የማይችል ሰው ቢመጣ፥ ባይወድ እንኳ ፊደል እንዲማር ይገደድ ነበር፤ ቢያንስ መዝሙረ ዳዊትንና ሐዲስ ኪዳንን በቃሉ ያልያዘ መነኩሴ እንዳይኖር ታዘዘ። በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በፋሲካና በነሐሴ፥ ሁሉም ፍቦው በተባለው ታላቅ ገዳም ይሰበሰባሉ፤ በነሐሴው ጉባኤ አለቆቹ የሥራቸውን ሂሳብ ያስረክባሉ፥ የተቀያየሙም ይቅር ይባባላሉ።

ጳኩሚስ ሥልጣን የተሰጣቸውን ሰዎች በምን ዓይን ይመለከት እንደ ነበረ የሚያሳዩ ሁለት ነገሮች ተጽፈዋል። አንደኛው ይህ ነው። ወደ ሌላ ገዳም ሄዶ ሲመለስ፥ የወጥ ቤቱ ሹም ለወንድሞች የበሰለ ምግብ ማቅረብ ትቶ አገኘው። ሹሙም ብዙዎቹ ስለማይበሉት በከንቱ እንዳይጠፋ ብሎ እንደ ተወው፥ በዚያም ፈንታ ከባልደረቦቹ ጋር 500 ምንጣፍ እንደ ሠራ በደስታ ነገረው። ጳኩሚስም ምንጣፎቹን አስመጥቶ በፊታቸው በእሳት አቃጠላቸው። ሹሙ የወንድሞችን ፈቃድ ወስዶባቸው ነበርና፤ ምግቡ ቀርቦለት ስለ እግዚአብሔር ብሎ የተወው ሰው ዋጋ አለው፥ ያልቀረበለት ግን ምኑን ትቶ ዋጋ ይቀበላል? ደካማውና ሕፃኑም በሹሙ ቁጠባ ይራባሉ። ብዙ ምንጣፍ የሠራውን ሹም የሚያመሰግን አለቃ በዘመናችን ይበዛል፥ እኛም ብንሆን እንጃ።

ሁለተኛው በታቤኒሲ የሆነ ነው። ጳኩሚስ ተቀምጦ ምንጣፍ ሲሠራ፥ የሳምንቱ ተረኛ የሆነ አንድ ልጅ በአጠገቡ ሲያልፍ አየውና አሠራሩ ትክክል አለመሆኑን፥ አባታቸው ቴዎድሮስ ያስተማራቸውም በሌላ አኳኋን መሆኑን ነገረው። ጳኩሚስ ተነሥቶ እንዲያሳየው ልጁን ለመነው፤ ከተማረም በኋላ ደስ ብሎት ተቀምጦ ልጁ እንዳሳየው ሠራ። ቴዎድሮስ በዚያን ጊዜ የታቤኒሲ አለቃ ነበረ፤ እርሱን የሾመውም ይኸው ምንጣፍ አሠራር የተማረው ጳኩሚስ ነው።

ቴዎድሮስ ከኤስና ሀገር ከባለጸጋ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ተወልዶ ገና በወጣትነቱ ወደ ማኅበሩ የመጣ ነው። አንድ እሑድ ጳኩሚስ በጉባኤው መካከል አቁሞ እንዲያስተምር አዘዘው፤ ራሱም ከወንድሞች ጋር እንደ ተማሪ ቆሞ አዳመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ትናንት የመጣ ልጅ እንዴት ያስተምረናል ብለው ተቆጥተው ጉባኤውን ትተው ወጡ። ጳኩሚስ ግን በኋላ ጠርቶ ገሠጻቸው፤ እርሱ ራሱ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆኖ ማዳመጡን፥ እነርሱም የናቁት ልጁን ሳይሆን የእግዚአብሔርን ቃል መሆኑን ነገራቸው። በቅኔና በዜማ ቤት ያደጉ አንባቢዎቻችን ይህን አይደነቁበትም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ሲያስቀጽል መሪጌታው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ደቀ መዝሙሩ እንዳይበልጠው ትምህርቱን የሚሰስት መምህር መኖሩንም ደግሞ የማያውቅ የለም።

ታላቁ ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ፥ ለእኛም ኋላ አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን የሾመልን፥ በ329 ወይም በ330 ዓ.ም. ላይኛውን ግብፅ ሲጐበኝ፥ የተንቲራው ኤጲስ ቆጶስ ሰራጵዮን ጳኩሚስን ቅስና እንዲሾምለት ለመነው። ጳኩሚስ ይህን ስላወቀ እስኪያልፉ ድረስ በወንድሞች መካከል ተሰወረ። ክህነትን ናቆ አይደለም፤ የሹመት ፍላጎት በማኅበሩ ውስጥ ቅንዓትን እንዳይዘራ ፈርቶ እንጂ።

ይህ ፍርሃቱ ኋላ በቴዎድሮስ ላይ ታየ። ጳኩሚስ ክፉኛ በታመመ ጊዜ የገዳማቱ አለቆች ተሰብስበው፥ አባታቸው ቢያርፍ ማኅበሩ እንዳይበተን፥ በቦታው እንዲተካ ቴዎድሮስን አጥብቀው ለመኑት። ብዙ ጊዜ እንቢ ካለ በኋላ እሺ አላቸው። ጳኩሚስ ግን ዳነ፤ ነገሩንም ሰማ። አለቆቹን ሰብስቦ እያንዳንዱ ጕድለቱን እንዲናገር አዘዘ፥ መጀመሪያም የራሱን ተናገረ። ቴዎድሮስም 7 ዓመት ሲላላክ ይህ አሳብ በልቡ ገብቶ እንደማያውቅ፥ አሁን ግን በአሳቡ እንደሚታወክና ገና እንዳላሸነፈው ሳይሸሽግ ተናዘዘ። ጳኩሚስ ከሹመቱ ሁሉ አወረደው። ቴዎድሮስ 2 ዓመት ያህል በንስሐ ሲያለቅስ ኖረ፤ ዐይኑ እንዳይጠፋ የፈሩለት ነበሩ።

ቅጣቱ ከበደ የሚሉ አሉ፤ እኛም በሽማግሌዎች ልመና እሺ ላለ፥ ያሳሰበውንም በገዛ አፉ ለተናገረ ሰው 2 ዓመት ብዙ ነው እንላለን። ነገር ግን ቴዎድሮስ በእነዚያ ዓመታት ወገን አላበጀም፥ ያዘኑለትንም በአባቱ ላይ አላስነሣም። ጳኩሚስ ይህን ያይ ነበር፤ ቀስ በቀስም ወደ አገልግሎት መለሰው።

በ346 ዓ.ም. በገዳማቱ ቸነፈር ገብቶ ብዙ ወንድሞችን ፈጀ፤ ጳኩሚስንም ያዘው። የከበደውን ልብስ ለውጠው ቀላልና መልካም የሆነውን ቢያለብሱት፥ ሌሎች ድውያን ያላገኙትን አልለብስም ብሎ መለሰው። አለቆቹን ጠርቶ የሚተካውን እንዲመርጡ ጠየቃቸው፤ እነርሱም በኀዘን ዝም ስላሉ ጴጥሮንዮስን ሰየመ። ለቴዎድሮስ ሹመት አልሰጠውም፤ ወንድሞች ሥርዓቱን ሲዘነጉ እንዲያነቃቸው ግን አደራ አለው፤ ሰዎች በመቃብሩ ላይ መታሰቢያ እንዳይሠሩለትም ሥጋውን ከተቀበረበት አውጥቶ ወደ ስውር ቦታ እንዲያፈልሰው አዘዘው። ግንቦት 14 ቀን ዐረፈ። በዚያን ጊዜ 9 የወንዶችና 2 የሴቶች ገዳማት ነበሩት። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ጴጥሮንዮስ ራሱ ታምሞ ስለ ነበረ ከሁለት ወር ያህል በኋላ ዐረፈ፤ ኦርሲስዮስን ተክቶ ሄደ። ኦርሲስዮስ ትሑትና በመጻሕፍት የበለጸገ ሰው ነበረ፤ ገዳማቱ ግን መሬትና ሀብት እያበዙ ሄደው ነበርና በ350 ዓ.ም. ገደማ አጵሎንዮስ የሚባል አንድ የገዳም አለቃ ተግሣጹን አልቀበልም ብሎ ገዳሙን ከማኅበሩ ለየ፥ ሌሎችም ተከተሉት። ኦርሲስዮስ በወንበሩ ለመቆየት አልታገለም። ቴዎድሮስን ጠርቶ ማኅበሩን አስረከበውና ራሱ ወደ ሰነሴት ገዳም ሄደ።

ቴዎድሮስ እያለቀሰ ተቀበለ። አጵሎንዮስን በትዕግሥት አስታረቀ፤ ቀጥሎም የየገዳሙን አለቆች ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ጀመረ፥ ማንም ሰው ገዳሙን የራሱ ርስት አድርጎ እንዳይቆጥረው ነው። ራሱን ግን የኦርሲስዮስ ምክትል አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ ነገር በከበደ ጊዜ ወደ ሰነሴት ሄዶ ያማክረዋል፥ ቆይቶም ወደ ፍቦው መልሶ በወንድሞች ፊት እንደ አባት አከበረው። እንዲህ 18 ዓመት ያህል አብረው ቆዩ። ቴዎድሮስ በ368 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ሲያርፍ ቅዱስ አትናቴዎስ ለኦርሲስዮስ የማጽናኛ መልእክት ጻፈለት፤ ኦርሲስዮስም በእርጅናው ወደ ተወው ወንበር ተመልሶ ማኅበሩን መራ።