ካርል አንድሬያስ ሆፍማን

ካርል አንድሬያስ ሆፍማን (1870 – 1940 እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ተመራማሪና ፕሮፌሰር ነበሩ። ይበልጥ የሚታወቁት በስማቸው በሚጠራው «የሆፍማን ክላትሬት» ነው። ይህ ውህድ በንብርብር የተደራጀ የብረታ ብረት ሳያናይድ ሲሆን፣ በንብርብሮቹ መካከል ሌሎች ሞለኪውሎችን ይይዛል። በማቅለሚያ ኬሚስትሪ ከሚታወቁት ከአውጉስት ቪልሄልም ፎን ሆፍማን ጋር መምታታት የለባቸውም።

ሕይወትና ሥራ

ሆፍማን በባቫሪያ ግዛት በአንስባህ ከተማ ተወለዱ። በሙኒክ ተምረው እዚያው ካስተማሩ በኋላ፣ ከ1910 ጀምሮ በበርሊን ሻርሎተንቡርግ ቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1912 ኦዝሚየም ቴትሮክሳይድ ከክሎሬት ጨው ጋር ሲሆን፣ በጥቂት መጠንም ቢሆን አንዳንድ የካርቦን ውህዶችን ወደ አልኮሆል ለመለወጥ እንደሚያገለግል አሳዩ። ስለ ኢኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የጻፉት የመማሪያ መጽሐፍ ከሞታቸው በኋላም እየታደሰ ታትሟል። ልጃቸው ኡልሪክ ሆፍማንም ኬሚስት ሆነው በግራፋይትና በሸክላ አፈር ማዕድናት ንብርብር ላይ ሠርተዋል።

የ1897ቱ ግኝት

በ1897 ሆፍማን ከኩስፐርት ጋር በመሆን ኒኬል ሳያናይድ የሟሟበትን የአሞኒያ ውሃ ከቤንዜን ጋር አዋሐዱ። ቤንዜን ስሙ ቢቀራረብም ለመኪና ከሚሞላው ቤንዚን የተለየ፣ ስድስት ካርቦን በቀለበት የተያያዙበት ፈሳሽ ነው። ከድብልቁ ጠጣር ውህድ ተገኘ። በውስጡ ለእያንዳንዱ አንድ ኒኬል ሳያናይድ አንድ አሞኒያና አንድ ቤንዜን ይቆጠር ነበር።

ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነ። ቤንዜን ከብረት ጨው ጋር በቀላሉ የሚተሳሰር ሞለኪውል አይደለም፤ ታዲያ በምን ተይዞ ይቆያል? በዘመኑ ለዚህ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ አልነበረም። ኤክስሬይ በክሪስታል ላይ መጠቀም የተጀመረው በ1912 ነው።

መልሱ የተገኘው ሆፍማን ካረፉ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1949 ነበር። ፖውልና ሬይነር በኦክስፎርድ በኤክስሬይ እንዳረጋገጡት፣ ኒኬልና ሳያናይድ እንደ መረብ ተያይዘው ጠፍጣፋ ንብርብር ይሠራሉ፤ ንብርብሮቹም በመሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ይደራረባሉ። ከግማሾቹ የኒኬል አቶሞች ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የወጡት አሞኒያዎች ንብርብሮቹን አራርቀው ክፍተት ይፈጥራሉ። ቤንዜን በኬሚካዊ ትስስር ሳይሆን በዚህ ክፍተት ውስጥ ታጥሮ ይቀመጣል። «ክላትሬት» የሚለው ስያሜም በፍርግርግ የታጠረ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ክፍተቱ ልክ ስላለው ቤንዜንን ሲቀበል ከእርሱ በመጠኑ የሚበልጠውን ቶሉዊን አያስገባም።

ከሆፍማን በኋላ

ሆፍማን ውህዱን የሠሩት ያለ ከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ነው። ይሁንና የብረት ጨውና ሳያናይድ በቀጥታ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ ወዲያው ደቃቅ ዱቄት ስለሚሆኑ መዋቅራቸውን ማጥናት ያስቸግራል። ስለዚህ የኋላ ተመራማሪዎች ንጥረ ነገሮቹን ከውሃ ጋር በጥብቅ በሚዘጋ የብረት ዕቃ (አውቶክሌቭ) ውስጥ ያሞቃሉ። እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል፤ ውሃውም ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። በዚህ ሁኔታ ክሪስታሎች ቀስ ብለው ያድጋሉ። ሳያናይድ ገዳይ መርዝ ነው፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ሥራው ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በ1996 የጃፓን ተመራማሪዎች በዚሁ መዋቅር ላይ ብረትና ፒሪዲን ተጠቅመው፣ ሙቀት ሲለዋወጥ የማግኔት ጠባዩ የሚለወጥ ውህድ አስታወቁ። የሆፍማን ዓይነት ውህዶች ዛሬ ለጋዝ ማከማቻና ለስሜት ሰጪ መሣሪያዎች ይጠናሉ።