ኤድዋርድ ሩፔልና የሰሜን ተራራ ትንሽ ወፍ

ኤድዋርድ ሩፔል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1794 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። ባለጸጋው አባቱ ባንክ ነበረው፤ ልጁ ግን ከንግድ ይልቅ ወደ እንስሳት ምርምር አደላ። በ1832 የሰሜንን ተራራ ወጣ። ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሊቃውንት ያስታወቀው እርሱ ነው። ይህ ብዙ ተነግሮለታል፤ ስለ ወፏ ግን ጥቂት ሰው ያውቃል።

ወንዱ ራሱ ጥቁር፥ ደረቱ ቢጫ ነው፤ በጓሳውና በጅባራው መካከል ብልጭ ብሎ ይሰወራል። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ስላልነበረ ሩፔል ወፎቹን በጠመንጃ እያስጣለ ቆዳቸውን ወሰደ። ፎቶግራፍ ለዓለም በተገለጠ በዓመቱ፥ በ1840፥ ለዚህች ወፍ የሳይንስ ስም አወጣላት። በ1884 በተወለደበት ከተማ ሞተ።

ዛሬ በታኅሣሥ ውርጭ አምባራስ ላይ ካሜራውን ይዞ በትዕግሥት የተቀመጠ ሰው መልኳን ወስዶ ወፏን ለጓሳው ይተዋታል።