ባለ ሁለት መቀነቱን ዓሣ የለየው ሰው፦ ኤድዋርድ ሩፔል

ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ሦስቱንም ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቃቸው አንድ ሰው መሆኑን የሚያውቅ ግን ብዙ አይመስለኝም። ሰውየው ኤድዋርድ ሩፔል ይባላል። በትልቁ ጥንብ አንሣ ስም ላይ የሱ ስም ስላለ የወፍ ተመልካቾች በደንብ ያውቁታል። እኔ ግን ዛሬ በወፉ በኩል ሳይሆን በአንድ ትንሽ ዓሣ በኩል ላስተዋውቃችሁ ፈልጌያለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩፔል ኅዳር 20 ቀን 1794 ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ ከሀብታም የባንክ ባለቤት ተወለደ። ቤተሰቡ ነጋዴ እንዲሆን ነበር ያሰበው። በ1817 ግን ግብጽንና ሲናን አየ፤ ከዚያ ወዲያ ንግዱ ቀረ። ወደ ጣሊያን ሄዶ የተፈጥሮ ሳይንስና የሥነ ፈለክ ትምህርት ቀሰመ። የአባቱ ገንዘብ ባይኖር ይሄ ሁሉ ይሆን ነበር ወይ? አይመስለኝም። ቢሆንም ገንዘብ የነበራቸው ብዙ ናቸው፤ እንደሱ በረሃ የገቡት ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞው በ1820ዎቹ ውስጥ ነው። ሚካኤል ሃይ ከሚባል ሐኪም ጋር ሲናን፣ የአቃባን ባሕረ ሰላጤና ኑቢያን አዳረሰ። ወደ ኢትዮጵያም ለመግባት አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ካለችው ምጽዋ አላለፈም። በሽታ ያዛቸው፣ አብረውት ከነበሩት ሰዎችም የሞቱ አሉ። ለዓሣ ጥናት ግን ይሄ የባሕር ዳር ኑሮ በከንቱ አልቀረም።

እዚህ ላይ ስለ ዓሣው ትንሽ ልበል። ክላውን ፊሽ ይባላል፤ በ2003 የወጣው የኒሞ ፊልም ዝነኛ ያደረገው የዓሣ ወገን ነው። አኔሞን በሚባል፣ አበባ በሚመስል ግን በሚናደፍ የባሕር እንስሳ ውስጥ ይኖራል። ወገኑ ወደ 30 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት፤ ችግሩም ይኸው ነው፣ ይመሳሰላሉ። ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ገላ፣ ነጭ መቀነት፣ በቃ። ሩፔል በ1830 ከቀይ ባሕር ያገኘውን ዝርያ አምፊፕሪዮን ቢሲንክተስ አለው። ሁለተኛው ቃል በላቲን ባለ ሁለት መቀነት ማለት ነው፤ አንዱ መቀነት ከዓይኑ ኋላ፣ ሌላው ወገቡ ላይ።

ታዲያ መቀነት መቁጠር ብቻውን ይበቃል? አይበቃም። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ከኬንያ ወደ ደቡብ ሌላ ባለ ሁለት መቀነት ዓሣ አለ። ዋናው መለያቸው ጭራቸው ነው፤ የቀይ ባሕሩ ጭራ ቢጫ ሲሆን የምሥራቅ አፍሪካው ነጭ ነው። ይሄኛው ስም ያገኘው በ1970 ነው፤ ያውም ሩፔል የሰበሰበውን ሁሉ ይልክበት በነበረው በፍራንክፈርቱ የዜንከንበርግ ቤተ መዘክር ተመራማሪ እጅ። ሌሎቹን ሁለት መንትያ መሳዮች፣ ፐርኩላንና ኦሴላሪስን፣ ለመለየት ደግሞ የጀርባ እሾህ ይቆጠራል፤ አንደኛው አብዛኛውን ጊዜ 10፣ ሌላኛው 11 አለው። ዓሣ አልኮል ውስጥ ሲቀመጥ ቀለሙ ይጠፋል፣ እሾሁ ግን አይጠፋም። እነ ሩፔል እሾህ መቁጠር የወደዱት ወደው አይደለም።

ሌላም አለ። ሩፔል ከዚያው ባሕር በ1829 ጥቁር ገላ ላይ ሦስት ነጭ ነጥብ ያለውን ዳሲለስ የሚባል ዓሣ ሰይሟል። የዚህ ዓሣ ልጆች ከክላውን ፊሹ ጋር በአንድ አኔሞን ውስጥ ይጠለላሉ። ስለዚህ ቤት የሚጋሩት ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ሰው ነው ማለት ነው። ዛሬ በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ይሄን ጉርብትና አይተው ሁለቱን አብረው ለማኖር ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ግን ባለ ነጥቡ ሲያድግ አኔሞኑን ትቶ ይወጣል፣ ጠበኛም ይሆናል። ባሕር ውስጥ መሸሻ አለ፣ ገንዳ ውስጥ ግን የለም። ለክላውን ፊሹ የሚሻለው ጓደኛ የራሱ ዝርያ ነው፤ ያውም አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ሆነው። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት፣ ትልቁ ወደ ሴትነት ይለወጣል። እኩያ ለእኩያ ከሆኑ ይጣላሉ፤ የሌላ ዝርያ ክላውን ፊሽ ከጨመሩበትማ ጭራሽ ይብሳል።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በ1830 እንደገና ተነሣ፤ በዚህኛው ጊዜ ምጽዋ አላስቀረችውም። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፣ ሰሜንን የያዙት ደጃዝማች ውቤ ናቸው። ሩፔል የሰሜን ተራሮችን አልፎ በ1832 ጎንደር ገባ፤ እስከ 1833ም ቆየ። ኢትዮጵያን አቋርጦ ያለፈ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ተመራማሪ ይሉታል። የብራና መጻሕፍትም ይዞ ሄዷል። ስለ መጻሕፍቱ ሳስብ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም፤ ፍራንክፈርት ከመሄድ ይልቅ እዚሁ ቢነበቡ እመርጥ ነበር።

በአንድ ነገር ግን አደንቀዋለሁ፣ የአገሬውን ሰው ሰምቷል። ለጭላዳ የሰጠው ሳይንሳዊ ስም ጌላዳ ነው፣ ለዋልያም ዋሊ ነው፤ ሁለቱንም ሰዎቹ ከሚጠሩበት ነው የወሰደው። ቀይ ቀበሮን ደግሞ በሰሜን ተራሮች ስም ሰየመው፤ የመደበውም ከውሻና ከተኩላ ወገን ጋር ነው። መልኩ ቀበሮ ይመስላል፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው የዘረ መል ምርመራ ግን ለተኩላ የሚቀርብ መሆኑን አሳይቷል።

በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠው፤ ከውጭ አገር ሰዎች የመጀመሪያው ነው። በኋላ ዘመኑ ወደ ጥንታዊ ሳንቲሞች አዘነበለ። በታኅሣሥ 1884 በ90 ዓመቱ አረፈ።

የሰየማቸው ዋልያና ቀይ ቀበሮ ዛሬ በጥቂት መቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ዓሣውም አልተረፈለትም። በ2023 ቀይ ባሕር ከልክ በላይ ሲሞቅ በባሕሩ መካከለኛ ክፍል ጥናት በተደረገባቸው ሦስት የኮራል ቦታዎች ላይ አኔሞኖቹ ቀለማቸው ነጥቶ አብዛኞቹ ሞቱ። በውስጣቸው ይኖሩ ከነበሩት ባለ ሁለት መቀነት ዓሦችም ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት አልቀዋል።