ከጋፋት መድፍ እስከ ሊባኖስ ሆስፒታል፦ የቴዎፍሎስ ዋልድማየር ሕይወት

ከደብረ ታቦር ከተማ በቅርብ ርቀት የምትገኘው ጋፋት ስሟ ሲነሣ፣ አብሮ የሚነሣው አጼ ቴዎድሮስ ያሠሩት ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል ነው። መድፉን ከሠሩት አውሮፓውያን አንዱ ግን ወደዚህች ሥፍራ የመጡት መሣሪያ ለመሥራት ሳይሆን ዓለማዊ ኑሮን ትተው ወንጌልን ለማገልገል ነበር። እኚህ ሰው ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ናቸው።

ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1832 በስዊዘርላንድ ከካቶሊክ ቤተሰብ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በወጣትነታቸው የፕሮቴስታንትን እምነት ተቀብለው በባዝል ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የቅድስት ክሪሾና የሚስዮን ማሠልጠኛ ገቡ። በ1840 የተመሠረተው ይህ ተቋም የእጅ ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ሩቅ አገር ይልክ ነበር። ተላኪዎቹ በእጃቸው ሥራ ራሳቸውን እየቻሉ እምነታቸውን በኑሯቸው እንዲመሰክሩ ይጠበቅባቸው ነበር። ይህን ጥሪ መቀበል ማለት አገርን፣ ዘመድንና የተደላደለ ገቢን መተው ማለት ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ የመምጣታቸው ምክንያት በኢየሩሳሌም ጳጳስ የነበሩት ሳሙኤል ጎባት የነደፉት ዕቅድ ነው። ጎባት ራሳቸው በ1830ዎቹ በኢትዮጵያ ስላስተማሩ አገሩን ያውቁታል። የመጀመሪያዎቹ የክሪሾና ባለሙያዎች በ1850ዎቹ አጋማሽ፣ ዋልድማየርና ጓደኛቸው ሳልሙለር ደግሞ በ1859 ወደ አገሪቱ ገቡ። አጼ ቴዎድሮስ የተቀበሏቸው በዋናነት ለሙያቸው ሲሉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ሃይማኖት የሚሰብክ ሳይሆን ሥራ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበር።

ዋልድማየር የንጉሡ የቅርብ ወዳጅ የነበረውን እንግሊዛዊ የሊቀመኳስ ዮሐንስ ቤልን ልጅ አገቡ፤ አማርኛም ተማሩ። በጋፋት የባለሙያዎቹ መንደር ተመሥርቶ መኖሪያ ቤቶች፣ የሥራ ቦታና የልጆች ትምህርት ቤት ተሠሩ። የአካባቢው ወጣቶችም ከባለሙያዎቹ ጋር እየሠሩ ሙያ ይቀስሙ ጀመር።

ይሁን እንጂ ንጉሠ ነገሥቱ ብዙም ሳይቆዩ መድፍ እንዲሠሩላቸው ጠየቁ። ባለሙያዎቹ ሙያው እንደሌላቸው ገልጸው ለማመልከት ቢሞክሩም ምክንያታቸው ተቀባይነት አላገኘም። ሙከራው በተደጋጋሚ ከከሸፈ በኋላ ተሳካ። ንጉሠ ነገሥቱ እጅግ ተደስተው ባለሙያዎቹን ሸለሙ፤ አከበሯቸውም። ሀብትንና ክብርን ንቀው የመጡት ሰዎች በዚህ ሁኔታ የቤተ መንግሥት ባለሟሎች ሆኑ።

ይህ ባለሟልነት ዋጋ ነበረው። ከ1863 መጨረሻ ጀምሮ ሌሎች ሚስዮናውያን፣ ቀጥሎም የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በእግር ብረት ሲታሰሩ፣ የጋፋት ሰዎች ሥራቸውን ቀጠሉ። ዋልድማየር ንጉሠ ነገሥቱን ከልብ ይወዷቸው የነበረ ሲሆን፣ በመካከላቸው የነበረው መቀራረብ በሌሎች አውሮፓውያን ዘንድ ወቀሳ አላጣውም። ሥራቸውን እንዳያቆሙ የንጉሡን ቁጣ፣ እንዳይሸሹም ቤተሰባቸውን ማሰብ ነበረባቸው። በዚህ መካከል የመጡበት ዓላማ ወደ ኋላ እየቀረ ሄደ።

ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል በ1867 ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረቡ ወደ መቅደላ ተጓዙ። ዋልድማየርና ጓደኞቻቸውም አብረው ተወሰዱ። ጉዞው ወራትን ፈጅቶ በመጋቢት 1868 መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 10 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ የእንግሊዝ ጦር በአሮጌ ሜዳ ድል አደረገ። አውሮፓውያኑ ተለቀቁ፤ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 13 ቀን ሰኞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። ብዙ የተደከመበት መድፍም ጦርነቱን ሳይለውጥ ቀረ።

ዋልድማየር ከጦሩ ጋር አገሪቱን ለቀው ሲወጡ የአሥር ዓመት ገደማ ድካማቸውንና የጋፋትን ቤታቸውን ትተው ነበር። በሶርያና በሊባኖስ በትምህርት ሥራ ከተሰማሩ በኋላ በ1873 ከቤይሩት በላይ ባለው ተራራ ላይ በምትገኘው ብሩማና ሰፈሩ። በዚያም እስካሁን በማስተማር ላይ የሚገኘውን ትምህርት ቤት መሠረቱ። በዚህ ዘመን የተቀላቀሉት ኩዌከር የሚባለውን የወዳጆች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ጦርነትንና መሣሪያ መያዝን በእምነት የሚቃወም ነው። መድፍ ሠሪው የጋፋት ባለሙያ ቀሪ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚህ እምነት ነው። የኢትዮጵያና የሶርያ ቆይታቸውን የሚተርከው ግለ ታሪካቸውም በ1886 በለንደን ታተመ።

ዕድሜያቸው ከስድሳ ሲያልፍ፣ ብዙዎች ዕረፍት በሚሹበት ጊዜ፣ የደከሙበትን የብሩማና ሥራ ለሌሎች አስረክበው አዲስ ሥራ ጀመሩ። በዚያን ዘመን የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ታስረው የሚጣሉ እንጂ የሚታከሙ አልነበሩም። ዋልድማየር በአውሮፓና በአሜሪካ እየተዘዋወሩ ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በ1896 ሥራው በይፋ ተጀመረ። ሃይማኖት ሳይለይ ሁሉንም የሚቀበለው የአስፉሪዬ ሆስፒታልም በ1900 በቤይሩት አቅራቢያ ሕሙማንን መቀበል ጀመረ። ሆስፒታሉ በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት በ1982 እስኪዘጋ ድረስ አገልግሏል። መሥራቹ በ1915 አርፈዋል።

ዛሬ ሴባስቶፖል በመቅደላ አምባ ላይ ሲገኝ፣ አምሳያው በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የጋፋት ስምም በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መጠሪያ ሆኗል። መድፉ የአንድን ንጉሥ ራእይ ሲያስታውስ፣ የዋልድማየር ሕይወት ደግሞ ሌላ ቁም ነገር ያመለክታል። አገርንና ንብረትን መተው በወጣትነት የሚፈጸም ሲሆን፣ የባለ ሥልጣንን ሞገስና በሙያ የተገኘን ክብር መተው ግን ረጅም ዘመን ይጠይቃል። እኚህ ሰው ይህን ሁለተኛውን መተው የፈጸሙት ጋፋትን ከለቀቁ በኋላ ነው።